ይጠብቃል ወይስ ይላላል

ሰኞ 4

የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ቢሮው ጠራኝ። አዳራሹ ታድሶ አልቋል፤ በሚቀጥለው ወር ቅዳሜ 7 ይመረቃል። ለምረቃው ዘፈን ጻፍልን አለኝ። ስለ ምን? ስለ መጋረጃው።

የመጋረጃውን ነገር የማያውቅ የለም። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት አዳራሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመረቅ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ከመድረኩ ላይ ቀይ የከፋይ መጋረጃ ጠፋ። ያን የሚያህል ጨርቅ! ሌባው አልተያዘ፣ ጨርቁ አልተገኘ። ምርቃቱም ያለ መጋረጃ ተደረገ፤ ተዋናዮቹ ልብስ ሲቀይሩ ሕዝብ አጨበጨበ ይባላል።

"ማንንም የማይወቅስ ይሁን" አለኝ ሥራ አስኪያጁ። "የሚያሳዝን፣ ግን የሚያስጨፍር። ምሥጢሩ ምሥጢር ሆኖ ይቅር፤ ሰው ግን መልሱን ያገኘ ይምሰለው።"

እሺ አልኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ለሳሙና ማስታወቂያ ዜማና ግጥም ስደርስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚህ የባሰም ታዝዤ አውቃለሁ። በመጨረሻ አንድ ቁም ነገር ልጽፍ ነው።

ረቡዕ 6

ቤተ መጻሕፍት። የድሮ ጋዜጣ። አቧራው አስነጠሰኝ፤ ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ ገላመጠችኝ።

ጋዜጣው የምሥክሯን ቃል እንዳለ አትሞታል፦ "አንድ ሰው ትልቅ ጥቅል ተሸክሞ በሰፊው በር ወጣ።" ይኸው ነው። ምሥክሯ ቃሏን በሰጠች ማግሥት ልጇ ዘንድ ሩቅ አገር ሄዳ እዚያው ቀርታለች፤ የጠየቃት የለም። ሰፊው በር የአዳራሹ ዋና መግቢያ ነው። ቁልፉ ያለው ዘበኛው እጅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሳይቆልፍ ቀርቷል ተባለና በሦስተኛው ቀን ከሥራ ተባረረ። እስከ ዛሬ "መጋረጃ" ነው የሚሉት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች መጡልኝ፦

መድረኩን ራቁቱን በብርድ ያሳደረው፣
ያን ቀይ መጋረጃ ማን ነው የሰወረው?

ደስ አለኝ። ለባለቤቴ ዘፈንኩላት። "የሳሙናው ዜማ ነው" አለች። አይደለም።

ቅዳሜ 9

የሳሙናው ዜማ ነው። ከሁለተኛው ሐረግ ጀምሮ አረፋ አረፋ ይላል። ቀየርኩት።

አባዬን ስለዚያ ጊዜ ጠየቅሁት። ከእሱ የተሻለ ማን ያውቃል? የልብስ ስፌት ሱቁ ከአዳራሹ ጀርባ ግድግዳ ለግድግዳ ነበር፤ መጋረጃውንም የሰፋው እሱ ነው። ሰባት ዓመቴ ስለነበር እኔ የማስታውሰው የስፌት መኪናውን ድምፅ ብቻ ነው።

"ስለ ሌላ ነገር ጻፍ" አለኝ። "ስለ ወፍ ጻፍ።"

"የታዘዝኩት ስለ መጋረጃ ነው፣ አባዬ። አርባ ሜትር ጨርቅ እንዴት..."

"አርባ ሁለት" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የልብስ ሰፊ ጭንቅላት ይገርማል። በሠላሳ አንድ ዓመት ሁለት ሜትር አልረሳም።

እሑድ 10

አባዬ ከአልጋው ሲወርድ ወደቀ። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። በሰባ ስምንት ዓመቱ በበርጩማ የሚወጣበት አልጋ ምን ያደርግለታል? ባለቤቴ ዝቅ ያለ እንግዛለት አለች። አባዬ በቁጣ ጮኸ፤ ፍራሹን የሚነካ ሰው እንዳላይ አለ።

በልጅነቴ ያ አልጋ እንደማንኛውም አልጋ ነበር። በኋላ ከፍ አለ። እኔ ሳድግ አብሮኝ ያደገ መስሎኝ ነበር። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም፤ ከዘፈኑ ጋር አይገናኝም።

ሐሙስ 14

ዛሬ ዘበኛው ጋ ሄድኩ። መጋረጃ ብዬ ላለመጥራት መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ሄጄ፣ በሩ ላይ ስደርስ ስማቸው ጠፋብኝ። "ጋሼ" ብዬ ተገላገልኩ።

ቤታቸው መስኮት ላይ መጋረጃ የለም። ጋዜጣ ለጥፈዋል። የምሥክሯን ቃል በቃላቸው ይዘውታል፤ ዐይናቸውን ጨፍነው እንደ መዝሙር አወጡልኝ። ሌባ መባሉ አይደለም ያንገበገባቸው።

"እኔን የገደለኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ ልጄ? አላስታውስም። ቆልፌ ነው የወጣሁት እላለሁ። መልሼ ደግሞ፣ ያቺ ሴት ምን አጣላትና ትዋሻለች? ሳልቆልፍ ቀርቼ ይሆናል እላለሁ። ይኸው የገዛ ቤቴን በር ቆልፌ እተኛና ሦስት ጊዜ እነሳለሁ። ጎትቼ አየዋለሁ። ተመልሼ እተኛለሁ። መቆለፉን ደግሞ እጠራጠራለሁ።"

ስሸኝ በሩን ከኋላዬ ሲቆልፉ ሰማሁ። መንገዱን ሳልሻገር ተከፍቶ እንደገና ተቆለፈ።

አንድ ነገር አስማሉኝ። ቃሉን በዘፈኑ ውስጥ እንዳለ እንዳስገባው፣ አንዲት ፊደል እንዳልነካ። "የተፈረደብኝ በዚያ ቃል ነው። ሰው ይስማውና ይፍረድ።" ማልኩ። ሆዴ ባብቶ ነበር፤ አውሮፕላን አብርር ቢሉኝም እምል ነበር።

እንዲህ አድርጌ አስገባሁት፦

ያየች ሴት ተናግራ በወረቀት ሰፍሮ፣
በሰፊው በር ወጣ መጋረጃው ታስሮ።

ሰኞ 18

የመጀመሪያ ልምምድ። ዘፋኟ ወረቀቱን ተቀበለችኝና እንደመጣላት አነበበችው። "ሰፊው" ላይ ደርሳ ፊን አላላቻት። "በሰፊው በር ወጣ..." አለችና ቆመች።

"የቱ ሰፊ ነው? ልብስ ሰፊ ነው እንዴ?"

ሳቅሁ። ብዙ ሳቅሁ። ከሚገባው በላይ መሳቄን ያወቅሁት ከበሮ መቺው መምታቱን ትቶ ሲያየኝ ነው።

"ይጠብቃል" አልኳት። "ሰፊ፣ ጠባብ ያልሆነ። ትልቁ በር።"

"በወረቀት እኮ አይለይም" አለች። "የልብስ ሰፊው በርም እንዲሁ ነው የሚጻፈው። ጻፍልኝ።"

ግርጌው ላይ "እዚህ ጋ ይጠብቃል" ብዬ ጻፍኩላት፣ ሁለት ጊዜም አሰመርኩበት።

ማታ። ዝናብ። የአባዬ ሱቅ ከአዳራሹ ጓሮ የምታገናኝ አንዲት ጠባብ በር ነበረችው። የተዋንያኑን ልብስ የሚያስገባበት። ብዙ ሱቅ ሁለት በር አለው። አንዲት ሴት ተናገረች፣ አንድ ፖሊስ ጻፈ፣ አለቆች አነበቡ፣ ሁሉም አጠበቁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጠብቅ የኖረን ቃል አንዲት ዘፋኝ ስላላላችው አይላላም። ነገሩ እዚህ ላይ አብቅቷል።

ረቡዕ 20

አላበቃም። ቃሉን ልቀይረው ሞከርኩ። "በትልቁ በር" ብል ከዜማው ጋር አይሄድም። "በዋናው በር" ብል እሱም በወረቀት ዋና ከመዋኘት አይለይም፤ ሌባው እየዋኘ ሊወጣ ነው። "በፊት ለፊቱ በር" ብል ሳሙናው ይመጣል። ደግሞም ምያለሁ።

ምን ዓይነት ፊደል ነው ይህ? የሚያላላና የሚያጠብቅ ምልክት ማኖር ምን ነበረበት? አንዲት ነጥብ። አንዲት ነጥብ ብትኖር ኖሮ እኔ አሁን ተኝቼ ነበር።

ዓርብ 22

ባለቤቴ የአባዬን አንሶላ ስትቀይር ቆይታ ወጣችና የወጥ ቤቱን በር ዘጋች።

"ፍራሹ ሥር ቀይ ነገር አለ" አለችኝ።

"ብርድ ልብስ ይሆናል።"

"የተጣጠፈ ነው። እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። አርባ ሜትር ብርድ ልብስ አለ እንዴ?"

"አርባ ሁለት" አልኳት።

በምን አወቅህ አለችኝ። ጋዜጣ ላይ ያነበብኩት ነው አልኳት። ጋዜጣው ላይ ሜትር አልተጻፈም።

አልሄድኩም። አላየሁም። ያላየሁትን አውቃለሁ ልል አልችልም።

እሑድ 24

ዘበኛው ሳይጠሩ መጡ። ግጥሙን ላንብብ አሉ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ግርጌው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"'እዚህ ጋ ይጠብቃል' ይላል። ማን ነው የሚጠብቀው? እኔ ነኝ?"

"አይ ጋሼ፣ ፊደሉ ነው።"

"ፊደል ምን ይጠብቃል? እንኳን ፊደል እኔም አልጠበቅህም ተብያለሁ።"

አስረዳኋቸው። ማለቴ፣ ግማሹን። ፊደል አንዳንዴ ጠበቅ ተደርጎ ይነበባል አልኩ። ላልቶ ሲነበብ ምን እንደሚሆን አልነገርኳቸውም፤ አልጠየቁኝምና።

አባዬ ድምፃቸውን ከጓዳ ሰማ መሰለኝ፣ በዚያ ባበጠ እግሩ በርጩማው ላይ ሲወጣ፣ ከዚያ አልጋው ሲንቋቋ ሰማን። ገብቼ ባየው እስከ አናቱ ተሸፋፍኗል። "ሞቻለሁ በለው" አለኝ ከውስጥ።

"ትንሽ አሞታል" አልኳቸው።

"ደህና ሰው ነው አባትህ" አሉኝ ዘበኛው ሲወጡ። "ከተባረርኩ በኋላ ለልጆቼ ዩኒፎርም በነፃ የሰፋልኝ እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ዐይኑን ሲያዞርብኝ፣ እሱ ያለማቋረጥ ሰባት ዓመት።"

ምሳ አልበላሁም።

ማክሰኞ 26

አባዬ ጠራኝ። "በሩን ዝጋ። ተቀመጥ።"

አልጋው ላይ ልወጣ አልፈለግሁም። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ተናዛዡ እሱ፣ ተከሳሽ የሚመስለው እኔ።

"ከፋይ ፀጉር አለው" አለ። "ወደ ታች ሲዳብሱት ይበራል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይጠቁራል። አንዱን ክንፍ ዘቅዝቄ ሰፍቼው ኖሯል። ተሰቅሎ መብራት ሲበራበት አየሁት። ግራው ቀይ፣ ቀኙ ጉበት። ማንም ልብ አላለም፤ እኔ ግን አየሁ። በነጋታው አገር ምድሩ ሊመጣ ነው። አውርጄ፣ ፈትቼ፣ ገልብጬ ሰፍቼ፣ ሳይነጋ ልሰቅለው ነበር። ሁለት ጊዜ ተመላልሼ በራሴ በር አወጣሁት።"

"እና?"

"ሰፋሁት። እንዴት ያለ ስፌት መሰለህ! ልመልሰው ብድግ ስል ነግቷል፣ ፊሽካ ይነፋል። ፖሊሱ ሱቄ ገባና 'ቃል የምቀበልበት መቀመጫ ይኖርዎታል?' አለኝ። መጋረጃውን አጣጥፌ ሸራ አልብሼው ነበር። እሱ ላይ ተቀመጠ። የዚያችን ሴት ቃል የጻፈው መጋረጃው ላይ ተቀምጦ ነው።"

መሳቅ ሳልፈልግ ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ የት እንደማይ ጠፋኝ።

"ለምን አልተናገርክም?"

"ፈራሁ። በሦስተኛው ቀን እሱን አባረሩት፤ ያኔ ደግሞ አፈርኩ። ከዚያ ቆየ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አባዬ!"

"ቆየ አልኩህ እኮ።"

ቅዳሜ 30

ብናገር አባቴ በሰባ ስምንት ዓመቱ ሌባ ይባላል። ባልናገር እኚያ ሰውዬ ዛሬም ሦስት ጊዜ ይነሣሉ። ሌላ ምንም የሚጨመር የለም። ስንት ቀን ባገላብጠው ያው ሁለቱ ናቸው።

ዘዴ አገኘሁ። ከበሮ መቺውን ልክ ፊ ላይ ባለ በሌለ ኃይልህ ምታ አልኩት። "በሰ... ድው!... ው በር ወጣ።" ይላላ ይጥበቅ የሚሰማ የለም። መሐላዬን አላፈረስኩም፤ ፊደሏ ወረቀቱ ላይ አለች። አባቴንም አላጋለጥኩም።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ለሳሙናም እንዲህ አልተጨነቅሁ።

ማክሰኞ 3

ልምምድ። ከበሮው አንድ ጎኑ ተቀደደ። ሌላ ተፈልጎ መጣ። ዘፋኟ አኮረፈች። ሥራ አስኪያጁ ድውውን በጣም ወደደው፤ ሌሎቹም ስንኞች ላይ ይግባ አለ። ዘበኛውን ሐሙስ ለሚደረገው ልምምድ ጋብዣቸዋለሁ ይለኛል። እግሬ አውጪኝ ማለት አሁን ነበር።

ሐሙስ 5

እንደሆነው ልጻፈው።

ዘበኛው አንዲት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤቴ አባዬን ደግፋ ይዛው ገባች። ማን አምጪው አለሽ ስላት፣ "ራሱ ነው። ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት" አለች። ከዘበኛው ሁለት ወንበር አለፍ ብሎ ተቀመጠ። በአንገታቸው ሰላም ተባባሉ።

ዘፋኟ ጀመረች። ድውው ላይ ስትደርስ ማይክሮፎኑን አወረደችው።

"አልችልም! እዚች ፊ ላይ እንዲህ እየደለቃችሁ እኔ ምን ልበል? ሰው ምን አለች ቢል ምን ልመልስ? ወይ ይጥበቅ፣ ወይ ይላላ። አንዱን ንገረኝና ልዝፈን።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"እንደ ስሜትሽ" አልኩ። ያልኩት ይህን ነው። አባቴና እኚያ ሰው እየሰሙኝ እንደ ስሜትሽ አልኩ።

"ይላላል" አለ አባዬ።

ተነሥቶ ቆሟል። ወንበሩን በሁለት እጁ ይዟል።

"ይላላል ልጄ። ሰፊው እኔ ነኝ። በእኔ በር ነው የወጣው።" ወደ ዘበኛው ዞረ። "መጋረጃው ቤቴ ነው ያለው። እተኛበታለሁ። ተኛሁበት ማለት እንኳ ይከብዳል።"

ከበሮ መቺው ዱላው ከእጁ ወደቀ። ዘበኛው ወደ አባዬ ዞሩ። ሊመቱት ነው ብዬ ተጠግቼ ነበር። በመጨረሻ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ቆልፌ ነበር?"

"ቆልፈህ ነበር" አለ አባዬ። "ሁለት ጊዜ አዙረህ። በግድግዳው ይሰማ ነበር። ከዚያ ጎትተህ አየኸው። ጥርቅም ብሎ ነበር።"

"ጎትቼ አየሁት?"

"ጎትተህ አየኸው።"

ሰውየው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለቤቴ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሲረጋጉ ያዩት አባቴን አይደለም፤ እኔን ነው።

"አንተስ? መቼ አወቅህ?"

"ዛሬ" አልኩ።

ዓርብ 6

መጋረጃውን በጋሪ አስጭነን አዳራሹ ወሰድነው። ሥራ አስኪያጁ "ከበጎ አድራጊ የተበረከተ ስጦታ" የሚል ደረሰኝ ጻፈልን፤ ሌላ የሚሞላ ቅጽ የለውም። አባዬ እጁን ሊሰጥ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ተረኛው ፋይሉ ጠፍቷል፣ ማመልከቻ ይዘው ይምጡ አለው። አባዬ "የጠፋ ፋይል ከሆነ ማን እንደሰረቀው ታውቃላችሁ?" ቢላቸው ሊደበድቡት ነበር። አልጋው አሁን ጉልበቴ አይደርስም። ዝቅ ማለቱን ስላልለመደ በአየር ላይ እግሩን ይፈልጋል።

ትናንት "ዛሬ" ያልኳቸው ውሸት ከአፌ አልወጣ አለኝ። ስበላም እሱ፣ ስታጠብም እሱ።

እሑድ 8

ትናንት ተዘፈነ። ላልቶ። ሰው ጨፈረ፣ አለቀሰም፤ ሥራ አስኪያጁ የፈለገውን አገኘ። ዘበኛውና አባዬ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ አልተነጋገሩም፣ አልተራራቁምም። አንድ ጊዜ ብቻ አባዬ ጣቱን ወደ መጋረጃው ቀስሮ የቀኙን ክንፍ ሲያሳያቸው አየሁ።

ዛሬ ይህን ደብተር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። መነጽራቸው ተሰብሯል። "አንብብልኝ" አሉ። ከሰኞ 4 ጀመርኩ። አንዳንዱ ቦታ ሳቁ፤ ፖሊሱ የተቀመጠበት ላይ አስደገሙኝ። መጀመሪያ ግን ሰኞ 18 ላይ እጃቸውን አንሥተው አስቁመውኝ ነበር።

"ከዚያ ሰኞ እስከዚህ ሐሙስ ስንት ቀን ነው?"

"ዐሥራ ሰባት።"

"ዐሥራ ሰባት ቀን፣ በየሌሊቱ ሦስት ጊዜ።" አሰቡት። "አባትህ ሐሙስ ስንወጣ ፈራሁ አለኝ፤ ገባኝ። አንተ ምን ፈራህ?"

አባቴን ልል ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ዘፈኑ እንዳይቀርብኝ ነው። አልኳቸው።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ተነሥተው ከምስማር ላይ ቁልፍ አወረዱ።

"እንግዲያው ዐሥራ ሰባት ቀን እየመጣህ አንተ ትቆልፍልኛለህ" አሉኝ። "ከውጭ። ጠዋት ትከፍትልኛለህ። እኔ እተኛለሁ።"

ይህን የምጽፈው ከበራቸው ደጃፍ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው። ገና አልጨለመም። ከውስጥ ማንኮራፋት ጀምረዋል። ሁለት ጊዜ አዙሬ ቆልፌያለሁ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ መሄድ እችላለሁ።

ቆይ። አንድ ጊዜ ጎተት አድርጌ ልየው።